የማያውቁት አገር

በየዓመቱ ጥቅምት ላይ የዓለም አሳታሚዎች ጀርመን አገር ፍራንክፈርት ከተማ ይሰበሰባሉ። የመጻሕፍት ገበያ ነው። እንደ ማንኛውም ገበያ ይጮኻል፣ ይከራከራል፣ ዋጋ ይቆርጣል። ከጥግ እስከ ጥግ የሚዞረው ጥያቄ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ቀጥሎ ምን ይመጣል?» የምግብ አሠራር መጽሐፍ የሚሸጠውም ይጠይቃታል፤ የፖለቲከኛ ግለ ታሪክ ታቅፎ የሚዞረውም ይጠይቃታል። እንደ ፋንታሲ ነጋዴው አጥብቆ የሚጠይቃት ግን የለም። ፋንታሲ ስል እንግዲህ ያንን ካርታ ላይ በሌለ አገር የሚፈጸመውን፣ ዘንዶ የሚበርበትን፣ አስማት እንደ ሒሳብ የሚጠናበትን የልብወለድ ዘር ማለቴ ነው። አንዳንዶቻችን «ምናባዊ ልብወለድ» እንለዋለን፤ ምናባዊ ያልሆነ ልብወለድ ያለ ይመስል!

ጥያቄዋ እንዲህ የጠነከረችው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ መንደር ፋሽን የሚመጣው እንደ ክረምት ጎርፍ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ጣጣውም በአብዛኛው የእነሱው ነውና።) በ2005 አንዲት ወጣት ከደም መጣጭ ጋር የምትፋቀርበት «ትዋይላይት» ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ለተወሰኑ ዓመታት በየመደርደሪያው ጥርሱን ያላሾለ ጎረምሳ ጠፋ። በ2008 ልጆች በቴሌቪዥን ፊት እንዲጋደሉ የሚገደዱበት «ዘ ሀንገር ጌምስ» መጣ፤ መጪው ዘመን ሁሉ ባንድ ጊዜ ጨለመ። በ2011 «ጌም ኦቭ ትሮንስ» በቴሌቪዥን ሲጀመር ተራው የዙፋን ሽሚያና የጭካኔ ሆነ፤ መጽሐፉ እኮ ከ1996 ጀምሮ መደርደሪያ ላይ ነበር። ከዚያ ዘንዶና ፍቅር ተጋቡ። «ሮማንታሲ» አሉት። የሬቤካ ያሮስ «ኦኒክስ ስቶርም» በጃንዋሪ 2025 በወጣ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ከ2.7 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። በጎን ደግሞ ጦርነት የሰለቸው አንባቢ የሚያርፍበት ለስለስ ያለ ፋንታሲ አለ። በ2022 የወጣው የትራቪስ ባልድሪ መጽሐፍ ውስጥ አንዲት ተዋጊ ጎራዴዋን ሰቅላ፣ ቡና ምን እንደሆነ በማያውቅ ከተማ ቡና ቤት ትከፍታለች። ቡናውን ከየት አመጣችው ብትሉ፣ ከድንኮች አገር ነው ይለናል ደራሲው። ከፋ አልሰማችም ልበል?

ይህን ሁሉ ያየ ነጋዴ «ቀጣዩን ቀድሜ ባወቅሁ» ቢል አይፈረድበትም። ፈላጊ ባለበት ደግሞ ተንባይ አይጠፋም። የእኛ ደብተራ ያንተንና የእናትህን ስም ፊደል ቆጥሮ፣ በ12 ገድፎ፣ ዐውደ ነገሥቱን ገልጦ ኮከብህን ይነግርሃል። የኒውዮርኩ ደብተራ ያለፉትን ዓመታት ሽያጭ ቆጥሮ፣ በአንባቢው ዕድሜና ጾታ ገድፎ፣ የመጪውን ዓመት ኮከብ ያወጣል። ልዩነቱ፣ የእኛው ቢያንስ የእናትህን ስም መጠየቁ ነው። በ2016 እንዲያውም ሁለት ምሁራን «ዘ ቤስትሴለር ኮድ» የሚል መጽሐፍ አውጥተው፣ ኮምፒዩተር በሺህ የሚቆጠሩ ልብወለዶችን አንብቦ በብዛት የሚሸጠውን ከማይሸጠው ከመቶ 80 ያህል በትክክል ለየ አሉን። የለየው ግን ታትሞ፣ ተሸጦ፣ ያለቀለትን ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ከሁሉ የሚገርሙኝ ግን ምክንያት ሰጪዎቹ ናቸው። «የጨለማው ዘመን ልብወለድ የተወደደው ባንኮቹ ስለወደቁ፣ ወጣቱ ተስፋ ስለቆረጠ ነው» ይላሉ። ሲሰሙት ጆሮ ይገባል። «ዘ ሀንገር ጌምስ» ለገበያ የቀረበው በሴፕቴምበር 2008 አጋማሽ፣ ሌማን ብራዘርስ በወደቀበት በዚያው ሰሞን ነው። ደራሲዋ ያንን መጽሐፍ ስትጽፍ፣ አሳታሚው ሲገዛው፣ አራሚው ሲያርመው ባንኮቹ ገና ቆመው ነበር። ኋላ ዘመኑ መጥቶ ከመጽሐፉ ጋር ገጠመ እንጂ ማንም ዘመኑን አይቶ አላዘዘውም።

«ይሄ የሥነ ጽሑፍ መምህር ንቀት ነው፤ ቁጥር ትጠላላችሁ» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። እሺ፣ እኔን ተዉኝና ቁጥር የሚወዱትን እንጠይቅ። በ2006 ማቲው ሳልጋኒክ፣ ፒተር ዶድስና ደንካን ዋትስ የሚባሉ ተመራማሪዎች «ሳይንስ» መጽሔት ላይ አንድ ሙከራ አሳተሙ። ከ14,000 በላይ ሰዎች የማይታወቁ ባንዶችን 48 ዘፈኖች እንዲሰሙና የወደዱትን እንዲወስዱ አደረጉ። ከፊሉን ሰው የሌላውን ምርጫ ሳያይ ለብቻው እንዲመርጥ ተዉት። የቀረውን በስምንት ዓለማት ከፈሉትና በየዓለሙ ውስጥ ሌላው የወሰደውን እያየ እንዲመርጥ ፈቀዱለት። ዘፈኖቹ ያው ናቸው፤ ሰዎቹም በዕጣ የተመደቡ ናቸው። ውጤቱ ግን በየዓለሙ ተለያየ። ለብቻቸው የሚመርጡት ሰዎች ከ48ቱ 26ኛ ያደረጉት አንድ ዘፈን በአንዱ ዓለም 1ኛ፣ በሌላው 40ኛ ወጣ። በጣም ጥሩዎቹ እምብዛም አልወደቁም፤ በጣም መጥፎዎቹም እምብዛም አልተነሡም። መካከል ላይ ያለው ግን የትም ሊደርስ ይችላል። እንግዲህ አንዱን ዓለም እንዲያ ስምንት ጊዜ ደግመን ማየት ብንችል፣ በሰባቱ ውስጥ ስማቸውን እንኳን የማንሰማ ስንት ታላላቅ ደራሲዎች አሉን ማለት ነው!

ሮውሊንግን ውሰዱ። በ2013 በወንድ ስም፣ ሮበርት ጋልብሬዝ ተብላ፣ አንድ የወንጀል ምርመራ ልብወለድ አሳተመች። ብሪታንያ ውስጥ 1,500 ያህል ቅጂ ተሸጠ። ከጥቂት ወራት በኋላ ማንነቷ ሲታወቅ ያው መጽሐፍ፣ አንድ ፊደል ሳይለወጥበት፣ የሽያጩ ዝርዝር አናት ላይ ወጣ። በኦገስት 2022 ደግሞ ፔንግዊን ራንደም ሃውስ ሳይመን ኤንድ ሹስተርን ልግዛ ብሎ የአሜሪካ መንግሥት ሲሟገተው፣ የዚያ ግዙፍ ድርጅት ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበረው ማርከስ ዶህሌ ዋሽንግተን ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ በዚህ ሥራ ውስጥ ስኬት የዕድል ነገር እንደሆነና የድርጅቱም ስም ከዚሁ ጋር እንደሚሄድ መሰከረ። «ራንደም» እንደመጣ፣ እንደ ዕጣው ማለት ነውና። ለገበያ ድል ሲል የተናገረው ነው ብላችሁ ልትጠረጥሩት ትችላላችሁ። እኔ ግን አምነዋለሁ፤ ሚሊዮኖች ከፍሎ ያሳተማቸው መጻሕፍት መጋዘን ውስጥ ሲሻግቱ ያየ ሰው ነው።

ይሁንና እኔን ያስጨነቀኝ «መተንበይ ይቻላል ወይ?» የሚለው አይደለም። ይቻላል እንበል። ነገ አንድ ሊቅ ተነሥቶ የመጪውን ሦስት ዓመት የአንባቢ ምኞት እቅጩን ቢነግረን፣ ደራሲው ያንን ሰምቶ እንደዚያው መጻፍ ይገባዋል ወይ? ይገባዋል ባዩ ብዙ ነው። አንባቢ የሚወደውን መስጠት ምን ነውር አለው ይላሉ። ዳቦ ጋጋሪ የሰፈሩን ሰው ዳቦ ነው የሚጋግረው።

አበው «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይላሉ። ለሁሉም ነገር እውነት ነው፤ ለፋንታሲ ግን ሐሰት ነው። የፋንታሲ ሥራው እኮ የማያውቁትን አገር ማስናፈቅ ነው። ሰው ሆቢቶች የሚኖሩበትን ኮረብታ ረግጦት አያውቅም፤ መጽሐፉን ሲዘጋ ግን ከዚያ የተሰደደ ያህል ሆዱ ይባባል። ተንባዩ ዘንድ ስትሄድ ግን ተረቱ መልሶ ልክ ይሆናል። አንባቢውን «ምን ናፈቀህ?» ብለህ ብትጠይቀው የሄደበትን አገር ብቻ ነው የሚጠራልህ። በ1996 አንድ የእንግሊዝ ልጅ አስቁመህ «ምን ዓይነት መጽሐፍ ይጻፍልህ?» ብትለው፣ «በባቡር የሚኬድበት የጠንቋዮች አዳሪ ትምህርት ቤት» አይልህም። የሮውሊንግን ረቂቅ 12 ያህል አሳታሚዎች የመለሱት ሞኞች ስለነበሩ አይደለም፤ የገበያውን ናፍቆት በደንብ ስለሚያውቁ ነው። ብሉምስበሪ የተቀበለው የባለቤቱ የኒጀል ኒውተን የስምንት ዓመት ልጅ መጀመሪያውን አንብባ ቀሪውን አምጡ ብላ ስለነዘነዘች ነው። ተቀብሎም በ1997 በጠንካራ ሽፋን ያሳተመው 500 ቅጂ ብቻ ነበር።

የቶልኪን ነገርም እንዲሁ ነው። በ1936 ስታንሊ አንዊን የተባለው የለንደን አሳታሚ የ«ዘ ሆቢት»ን ረቂቅ ለዐሥር ዓመት ልጁ ለሬይነር ሰጥቶ አስነበበው፤ አስተያየት ለጻፈበት አንድ ሽልንግ ከፈለው። መጽሐፉ በ1937 ወጣ። ዓመታት አልፈው ያ ልጅ ራሱ የድርጅቱ ሰው ሲሆን፣ የኦክስፎርዱ የቋንቋ መምህር ያንን የሚያህል «የቀለበቶቹ ጌታ» ይዘው መጡ። ሬይነር ሒሳቡን ሠርቶ አንድ ሺህ ፓውንድ ሊያከስር እንደሚችል ለአባቱ ጻፈ፤ የሊቅ ሥራ ነው ካልክ ክሰር የሚል መልስ መጣለት፤ በ1954 እና በ1955 በሦስት ቅጽ አሳተሙት። ጎርፉ የመጣው ግን ከዐሥር ዓመት በኋላ ነው፤ የመጣውም በጠብ ነው። በ1965 ኤስ ቡክስ የተባለ የአሜሪካ አሳታሚ የቅጂ መብት ሕግ ቀዳዳ አግኝቶ ያለ ደራሲው ፈቃድ በርካሽ ወረቀት አተመው። ቶልኪን ተቆጡ፣ አንባቢዎቻቸውን አሰለፉ፣ የተፈቀደ እትም በሌላ አሳታሚ ወጣ፤ ወሬው የዩኒቨርሲቲ ግቢዎችን አዳረሰ፤ ተማሪው «ጋንዳልፍ ለፕሬዚዳንትነት» የሚል ባጅ ደረቱ ላይ ለጠፈ። በ1955 ይህን ያየ ተንባይ ካለ እጅ እነሣለሁ። የመጽሐፍ ሌቦች ያደረሱባቸውን በደል የሚያውቁ የአገሬ ደራሲዎች ግን ከዚህ ታሪክ መጽናኛ እንዳይፈልጉ፤ የእኛ ሌቦች አንባቢ ሲያሰልፉ አላየሁም።

እዚህ ላይ «ደራሲ ትእዛዝ አይቀበልም» የሚል ፉከራ ውስጥ እንዳንገባ ኧርሱላ ለጉዊንን ላንሣ። በ1968 የወጣው «የምድረ ባሕሩ ጠንቋይ» የታዘዘ መጽሐፍ ነው። ፓርናሰስ የተባለ የበርክሊ አነስተኛ አሳታሚ ለጎረምሶች የሚሆን መጽሐፍ ጻፊልኝ አላት። ምን እንደምትጽፍ ግን አልነገራትም፤ እንደፈቀድሽ አላት። እሷም አንድ የቆየ ነገር ከነከናት፤ በመጽሐፍ ውስጥ ጠንቋይ ሁልጊዜ ሽማግሌ ነው፤ ታዲያ ልጅ ሳለ ምን ይሠራ ነበር? የት ተማረው? ከሃሪ ፖተር 29 ዓመት ቀድሞ የጠንቋዮች ትምህርት ቤት የተከፈተው በዚህች የልጅ ጥያቄ ነው። ጀግናዋንም ቀይ ዳማ አደረገችው፤ ያኔ ማንም ገበያ ያንን አልጠየቃትም። አገራችንም ብትመጡ፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 ሮም ላይ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብወለድ ሲያሳትም፣ የአማርኛ ልብወለድ አንባቢ የሚባል ሕዝብ ገና አልተፈጠረም። የፍላጎት ጥናት ቢደረግ መልሱ ዜሮ ነበር።

ከተቃዋሚዎቼ ወገንም እውነት አለ፤ እሱን ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። በመጀመሪያ፣ እነዚህ የጠቀስኳቸው የተሳካላቸው ናቸው። ማንም ሳያዘው፣ ከልቡ ጽፎ፣ ረቂቁን አይጥ የበላበት ሰው ስንት እንደሆነ የሚቆጥር የለም። ከልብ መጻፍ ለስኬት ዋስትና ነው የሚል ካለ ያታልላችኋል። ሁለተኛ፣ ድግምግሞሽን መውደድ ነውር አይደለም። እሳት ዳር የተቀመጠ ልጅ አያቱን «የትናንትናውን» ነው የሚላት። የትናንትናውን ሰምቶ፣ አንበሳው የሚመጣበትን ቦታ ቀድሞ አውቆ፣ ፈርቶ ይደሰታል። በ1977 ቴሪ ብሩክስ «የሻናራ ሰይፍ»ን ሲያወጣ ቶልኪንን ገለበጠው ብለው የወረዱበት ብዙ ናቸው። አሳታሚው ሌስተር ዴል ሬይም ቶልኪንን ጨርሶ ሌላ የቸገረው አንባቢ እንዳለ አስልቶ ነው ያወጣው። ስሌቱ ሰመረ። በዚያ መጽሐፍ ንባብ የለመደ ስንት ሰው አለ! እኔ በብሩክስ ላይ ድንጋይ አልወረውርም። ብልህ አያትም የትናንትናውን ትተርትና፣ ልጁ ዓይኑ ሲከብድ ያልሰማውን አንዱን ጣል ታደርግበታለች።

ታዲያ ነውሩ የቱ ጋ ነው? እንደሚመስለኝ ነገሩ የምስክር ነገር ነው። ስለ መርካቶ የሚጻፍ ልብወለድ ውስጥ ደራሲው ቢዋሽ የሚይዘው አለ። የሰፈሩን ስም ቢሳሳት፣ የተሸካሚውን ቋንቋ ባያውቅ፣ «ኧረ እንደዚህ አይባልም!» የሚል ሺህ ምስክር ይነሣበታል። ዘንዶውን ግን ማን አየው? የዚያ አገር ብቸኛ ምስክር ደራሲው ነው። አገሩ እውነት መሆኑን የሚያረጋግጥልን፣ ደራሲው ያንን ነገር በአንዳች መንገድ አይቶታል፣ አስፈልጎታል፣ እንቅልፍ ነሥቶታል የሚለው እምነታችን ብቻ ነው። የቶልኪን ሙት ምድር ውስጥ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ጭቃ አለ፤ ሶም ላይ ተሰልፈዋል። ስለዚህ ተንባይ «ዘንዶ ይሸጣል» ስላለው ብቻ ዘንዶ የሚጽፍ ሰው፣ ያላየውን አየሁ ብሎ መሐላ የገባ ምስክር ነው። ገበያን ማሰቡ አይደለም በደሉ። ሌላ ምስክር እንደማይጠራበት አውቆ መማሉ ነው።

ይህን ለአንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ስነግራት ደስ አላላትም። ቀን ባንክ ትሠራለች፤ ማታ ትጽፋለች። የምትጽፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም። ታሪኳ ስለ አንድ ወንዝ ነው። ወንዙ የተሻገረውን ሁሉ አንድ ቃል ይቀማዋል፤ የትኛውን እንደሚቀማው ግን ማንም አያውቅም። ነጋዴው ተሻግሮ «ጨው» የሚለው ይጠፋበታል፤ ሙሽራዋ ተሻግራ የወንድሟ ስም ይጠፋባታል። ሰዉ ግን ይሻገራል፤ ገበያውም፣ ለቅሶውም፣ ልጁም ማዶ ነው። ረቂቋን ያየላት አንድ የውጭ አገር የደራሲ ወኪል አጻጻፏን አመስግኖ፣ ገበያው አሁን ሌላ ነው፣ የፍቅሩ ነገር ይጠንክር፣ ዘንዶም ብታስገቢ ብሎ ጻፈላት። «ጋሼ፣ ዘንዶውን ላስገባ?» አለችኝ።

ወንዙን ከየት እንዳመጣችው ጠየቅኋት። ትንሽ ዝም አለችና ያሳደገቻትን አያቷን አነሣችልኝ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ቃላቷ አንድ ባንድ ሄዱ። መጀመሪያ የጎረቤቶቿ ስም፣ ከዚያ ማንኪያ፣ ከዚያ ቁልፍ። አንድ ጠዋት «ውሃ» ማለት አቅቷት መዳፏን ወደ አፏ እያመላከተች አለቀሰች። ስለ ምስክር የነገርኳት ያን ጊዜ ነው። ልጅቷ ግን ቀላል አይደለችም። «ጋሼ፣ እርስዎ ስለ ጥበብ ያስተማሩን በወር ደሞዝ ነበር። እኔ ይህን ወንዝ ሦስት ዓመት ከእንቅልፌ ቀንሼ ነው የጻፍኩት። ዘንዶው የአንድ ዓመት የቤት ኪራይ ቢያመጣልኝ ምን አለበት?»

ልክ ናት። በደሞዝ ተቀምጦ ስለ ንጽሕና መስበክ ይቀላል። ስለዚህ ስለ ሳሙኤል ጆንሰን ነገርኳት። በ1759 መጀመሪያ ላይ እናቱ ሞተች። የቀብሯን ወጪና ጥቂት ዕዳዋን የሚከፍልበት አልነበረውም። በአንድ ሳምንት ምሽቶች ውስጥ ጽፎ የጨረሳት፣ በ100 ፓውንድ የሸጣት መጽሐፍ «ራሴላስ» ናት፤ ደስታን ፍለጋ ከተራራ አጥር ሾልኮ የወጣ የሐበሻ ልዑል ታሪክ። ጆንሰን አገራችንን አላየም፤ ወጣት ሳለ የፖርቱጋላዊውን የሎቦን የጉዞ መጽሐፍ ተርጉሞ ነው የሚያውቃት። የእኛው አገር ለእሱ የማያውቁት አገር ነበረች። የሩቅ ምሥራቅ ልዑላን ታሪክም የዚያ ዘመን ፋሽን ነበር፤ ልክ እንዳሁኑ ዘንዶ። ለገንዘብ ጻፈ፣ ፋሽኑን ለበሰ፣ ቸኮለ። ግን እናቱን ገና የቀበረ ሰው፣ ሰው የትም ቢሄድ ደስታ አያገኝም ወይ ብሎ ሲጠይቅ የማንንም ምስክርነት አልተዋሰም። «ዘንዶውን አይተሽዋል?» አልኳት። «ካየሽው አስገቢው፤ ኪራይሽንም ክፈይበት።» ሳቀች እንጂ አልመለሰችልኝም።

ለእሷ ብቻ ብዬ አይደለም ይህን የማነሣው። ዛሬ ትንበያ የሰው ሥራ መሆኑ እየቀረ ነው። ጽሑፍ የሚያመነጩት አዳዲሶቹ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች አሠራራቸው ራሱ ትንበያ ነው፤ እስከዛሬ የተጻፈውን አይተው ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ይገምታሉ። በፌብሩዋሪ 2023 የሳይንስ ልብወለድና የፋንታሲ አጫጭር ታሪኮች የሚያትመው «ክላርክስዎርልድ» መጽሔት፣ በዚያ ወር ብቻ 500 ያህል በማሽን የተጻፉ ታሪኮች ስለጎረፉበት አዲስ ጽሑፍ መቀበሉን ለጊዜው አቆመ። ላኪዎቹ አብዛኞቹ ደራሲ ልሁን ያሉ አልነበሩም፤ ክፍያ አለው ሲባል የሰሙ ናቸው። በሩ ሲዘጋ ግን የተዘጋው በእነሱ ላይ ብቻ አይደለም፤ ወንዝና አያት ይዞ ደጅ በቆመውም ላይ ነው። ለጉዊን በ2014 የአሜሪካ ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት መድረክ ላይ የክብር ሜዳሊያ ስትቀበል፣ ለገበያ ዕቃ ማምረትና የጥበብ ሥራ አንድ እንዳልሆኑ አሳታሚዎቿ ፊት ለፊት ተቀምጠው ተናግራለች። ያኔ የ85 ዓመት ሴት ንዴት ነው ብለው በጭብጨባ ያለፉት ነበሩ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ልዩነቱን በየቀኑ በእጃቸው መለየት የግድ የሆነባቸው አራሚዎች መጡ። መጽሔቱ በማርች እንደገና ከፈተ፤ ለቃሚ ከገለባ የሚለየው ግን ያው የሰው ዓይን ነው፣ ያውም ደመወዙ ትንሽ የሆነ ሰው ዓይን።

እናንተ ግን ይህን ሁሉ አንብባችሁ «ለመሆኑ ቀጥሎ ምን ይመጣል?» ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። ወዳጆቼም አልተዉኝም። እንግዲያው ማኪያቶ አስይዤ እወራረዳለሁ፤ ቀጣዩ ዘንዶ የለበትም። ሰው ዘንዶ ጠግቧል። ይህ የጥጋብ ሒሳብ እንጂ ትንቢት አይደለም፤ ሠርግ ቤት የዋለ ሁሉ ያውቀዋል። በዘንዶው ፋንታ ምን አለበት ካላችሁኝ፣ እሱን ፍራንክፈርትም አልሰማም። ምናልባት ይህን ጊዜ አንድ ከተማ ውስጥ በ500 ቅጂ ታትሞ፣ ገሚሱ ለቤተ መጻሕፍት ተሰጥቶ፣ ገሚሱ የደራሲው አልጋ ሥር ተደርድሯል።